ዝም ያለው ማማ

ሙሀመድሰይድ በየማለዳው ማማው ላይ ወጥቶ ሲቆም ቀኝ እጁን አጥፎ አፉ ላይ ያደርጋል። ደረቱን ይነፋል። ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል። ከሩቅ ያየው ሰው «አሁንስ ሊጮህ ነው» ይላል። አይጮህም። አፉ ጋ የደረሰው እጅ ባዶውን መመለስ ያፈረ ይመስል ቀስ ብሎ ወርዶ ጢሙን ይዳብሳል። ከዚያ ሙሀመድሰይድ ጎንበስ ብሎ ወንጭፉን ያነሳል።

ጥቅምት ሲገባ፣ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ወተት ሲቋጥር፣ የግሪሳ ወፍ ይመጣል። እንደ ደመና ይመጣና እንደ አሸዋ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ከአስፋልቱ በታች መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ ማሳው መሀል ከእንጨት የተሠራች ማማ ላይ ወጥቶ ከጎህ እስከ ማታ ይውላል። በዚያ ሜዳ ወፍ የሚጠበቀው ደግሞ በጉሮሮ ነው። ወንጭፍም አለ፣ ጅራፍም አለ፣ ዋናው ግን ጉሮሮ ነው። ጩኸቱ የሚነሳው ከአያ አላምረው ማማ ነው። እሳቸው «ሃሃይ!» ሲሉ ቀጣዩ ማማ ይቀበላል፤ እሱ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ጩኸቱ ከማሳ ማሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ ተሾመ ጋ ይደርሳል። ወፉም ከፊት ከፊቱ እየሸሸ ከሜዳው ይወጣል። ሥርዓቱ ይህ ነው። አባቶቻቸውም እንዲሁ ጮኸዋል።

የሙሀመድሰይድ ማማ መሀል ላይ ናት። ጩኸቱ እየተንከባለለ መጥቶ እሱ ጋ ሲደርስ፣ ድንገት የፊት ጥርስ የወለቀበት አፍ ይመስላል። ዝም። ተሾመ ከወዲያ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ የሚመጣለት ነገር የለም። ወፉ ግን ሞኝ አይደለም። ግራው ሲጮህ፣ ቀኙ ሲጮህ፣ መሀሉ ዝም ሲል፣ መሀሉ ላይ ያርፋል።

ሰውየው ዲዳ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ከበሬዎቹ ጋር እንኳ ይመካከራል። ድምፁ ግን ከሁለት ሰው ወዲያ አልፎ አያውቅም። መስጊድ ውስጥ «አሚን» ሲል ከጎኑ የተቀመጠው ብቻ ይሰማዋል። መጮህ የሌላ ሰው ልብስ መልበስ ይመስለዋል፤ እጅጌው ይረዝምበታል፣ ደረቱ ይሰፋበታል። «ወፍ ዕውር አይደለም፤ ድንጋይ ሲመጣ ያያል» ይላል። ወንጭፉን ሲያሽከረክር ደግሞ አይስትም። አንድ ወፍ ይመታል። የቀሩት አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩትና ወደ መብላታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ወፉም ሙቀቱን ፈርቶ ጥላ ሲይዝ፣ ባለማማዎቹ ከድንበሩ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። ሙሀመድሰይድ ሰላምታውን በልቡ ብሎ ዳር ላይ ተቀመጠ።

«ሙሀመድሰይድ» አሉ አያ አላምረው። ሽበታም ናቸው፤ ሲናገሩም የሚጮሁ፣ ሲጮሁም የሚቆጡ የሚመስሉ። «ለመሆኑ ማማህ ላይ ሰው አለ? ወይስ ልብስ ሰቅለህባት ነው የምትሄደው?»

«አለሁ፣ አያ።»

«ካለህ ምነው አትሰማም?»

«በወንጭፍ እየጠበቅሁ ነው።»

«በወንጭፍ!» አለ ተሾመ። ከሙሀመድሰይድ ጋር እኩያ ነው፤ አብረው ከብት ጠብቀዋል፣ ስለዚህ ለመናገር ማንንም አያስፈቅድም። «ያንተ ማሳ እኮ የወፍ መናኸሪያ ሆነ! ከኛ ማሳ የተሳፈረው ሁሉ አንተ ጋ ይወርዳል። አረፍ ይላል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ከዚያ ‹የተሾመ ማሽላ፣ የተሾመ ማሽላ፣ የሞላ!› ብሎ እንደገና ይሳፈራል። ረዳት ብቻ ነው የጎደለህ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሙሀመድሰይድም ሳቀ፤ ቀልዱ ያምር ነበርና። አያ አላምረው ግን አልሳቁም።

«ስማኝ፣ ልጄ። ጠልተንህ አይደለም። ሁሉ ሲጮህ አንዱ ዝም ካለ፣ የጮኸው ሁሉ የጮኸው ለዝምተኛው ነው። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥተንሃል። ቅዳሜ ጩኸቱ ማማህ ጋ ደርሶ ከተቋረጠ በወንፈል አንገባልህም። ማሽላህን ራስህ ቁረጠው፣ ራስህ ውቃው።»

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ወንፈል ማለት ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ ነው፤ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ተራ በተራ እየዞረ ያንዱን የሌላውን ማሳ ያጭዳል። ወንፈል የሌለው ገበሬ ማሽላው ሳይታጨድ ከብት ይለቀቅበታል፤ ከከብት የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ሙሀመድሰይድ የሁሉንም ማሳ አጭዷል። ሲያጭድ ዝምታው ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ይህን ሊናገር ፈልጎ እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ጢሙን ዳበሰና ተነሳ።

በማግሥቱ ሊለማመድ ወደ አሸዋው ወንዝ ወረደ። ወንዙ ደረቅ ነው፣ ሰው አይውልበትም። ዙሪያውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኑን ጨፈነና «ሃሃይ!» አለ። የወጣው ድምፅ ጅራቱ በበር የተያዘ ድመት ድምፅ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ፣ ከወንዙ ማዶ የአፋር ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ፊት የነበረው ግመል አንገቱን አዙሮ ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«ወንድም» አለ ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ «ምንድነው? እባብ?»

«አይ። ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

«የጩኸት።»

ነጋዴው ለጓደኞቹ በአፋርኛ አስረዳቸው። ብዙ ሳቁ። ከዚያ ግን አንዱ ከግመሉ ላይ ውሃ አውርዶ «ጠጣ፣ ጉሮሮህ ደርቋል» አለውና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሙሀመድሰይድ ውሃውን ጠጥቶ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ ለጀዊሪያ ይህን አልነገራትም።

መላው የመጣው ከጀሚል ነው። ጀሚል የጀዊሪያ ወንድም ሲሆን ቆቦ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። አማቹ የመጣበትን ጉዳይ በሹክሹክታ ሲነግረው እየሳቀ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ስፒከር አወረደ። «አብሽር፣ ሙሄ! ዘንድሮ ማን በጉሮሮው ይጮሃል? ድምፅ ያለው ሰው ፈልግና በሞባይልህ ቅዳው። እኔ እየደጋገመ ሲጮህ እንዲውል አደርግልሃለሁ። አንተ እግርህን ዘርግተህ ትቀመጣለህ።»

ድምፅ ያለው ሰው ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ጀዊሪያ ቆቦ ላይ ዶሮዋን ስትጠራ የሮቢት ዶሮ ይመጣል ይባላል። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ዱቄት ስትነፋ አገኛትና ሞባይሉን ፊቷ አቆመ።

«ምንድነው?»

«ወፍ እንደምታባርሪ ሆነሽ ‹ሃይ› በይ።»

ጀዊሪያ ወንፊቱን አስቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። «ልብስ ልቀይር?»

«ድምፅ ብቻ ነው።»

«ሃይ» አለች። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል የምትመልስለት ይመስል ነበር። በሜዳው የታወቀች ጉሮሮ፣ ሞባይል ሲደቀንባት እንደ ሙሽራ አፈረች።

«ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

«ሃይ።»

«ለወፍ እኮ ነው፣ ጀዊሪያ። ካሁኗ ትንሽ…»

«ሃይ አልኩ እኮ!»

ሙሀመድሰይድ ተስፋ ቆርጦ ቀዩን ምልክት ነካ። የሞባይሉ መስታወት የተሰነጠቀ ስለሆነ አንዳንዴ ጣቱን ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። በዚያ ቀን አልሰማም። እሱ ግን የጠፋ መስሎት «በቃ፣ ይሁን። ጥሩ ጩኸት ያለው ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

ይህን ማለት አልነበረበትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሙሀመድሰይድ ስፒከሩን ከማማው በላይ በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ ቆመ። ሰው ፈልጎ ስላጣ ያንኑ የጀዊሪያን «ሃይ» ለጀሚል ወስዶለት ነበር፤ «ከምንም ይሻላል» ብሎ። ጀሚል ደንበኞች ከበውት ስለነበር ድምፁን ሳይሰማው ነው የጫነው። አዋራ እንዳይገባበት ብሎም ከመክፈቻው በቀር ማጥፊያውን ሁሉ በፕላስተር ጠቅልሎታል።

አያ አላምረው «ሃሃይ!» አሉ። ቀጣዩ ተቀበለ። ጩኸቱ መጣ፣ መጣ፣ አጠገቡ ደረሰ። ሙሀመድሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ ከፈተው።

«ሃይ» አለ ስፒከሩ በትህትና።

ከተሾመ ማማ ሳቅ ተሰማ። «እንግዳ መጣ! ግቡ በሉት!»

«ሃይ።… ሃይ አልኩ እኮ!»

ከዚያ ትንሽ ዝም አለ፤ የሙሀመድሰይድ ድምፅ እንደ ልማዱ አልተቀዳም። ሙሀመድሰይድ ያለቀ መሰለው። ሰላም ሲሆኑ «ሙሄ» ነው የምትለው ጀዊሪያ፤ ሙሉ ስሙን ስትጠራ ግን ነገር አለ።

«ሙሀመድሰይድ!»

«አቤት!» አለ ሙሀመድሰይድ ከማማው ላይ።

«ጩኸት ያለው ሰው? አንተ ነህ ለኔ ጩኸት የምታወጣልኝ? ሽማግሌ ስትልክ አባቴ ‹ልጁ ዲዳ ነው ወይ?› ብሎ አልጠየቀም? በሬው ጓሮ ገብቶ ጎመኔን ሲጨርስ፣ ፊቱ ቆመህ ‹እስቲ እባክህ ውጣ› ያልከው አንተ አይደለህም? ደግሞ እነሱ ብሎ ጯሂ! የአላምረውን ጩኸት እንደሆነ ወፉ ለምዶታል! እንደ ሬዲዮ እያዳመጠ ነው የሚበላው! ተሾመ ብትል አንዴ ጮሆ ሦስቴ ይተኛል፤ ሲያንኮራፋ ነው ወፉ የሚሸሸው! እነዚህ ናቸው አንተን ከወንፈል የሚያስወጡህ? ተነስ! ከማሽላዬ ላይ ውረዱ በል! ውረዱ! ውረዱ!»

ግሪሳው ተነሳ። እንደ ልማዱ ተነስቶ ሌላ ማሳ ላይ አላረፈም፤ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሽቅብ ወጣና ወደ ዋጃ አቅጣጫ ሄደ። ሙሀመድሰይድ ግን ወፍ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ፕላስተሩን በጥርሱ ሊቀድድ ሞከረ። ኩታውን አውልቆ ስፒከሩን አፈነው፤ ጀዊሪያ ከኩታ ሥር ትንሽ ታፍና ቀጠለች። ከሁሉ የከፋው መጨረሻው ላይ ደርሶ በትህትና «ሃይ» ብሎ እንደ አዲስ መጀመሩ ነበር።

አያ አላምረው ከማማቸው ወረዱ። ዱላቸውን ይዘው ማሽላውን እየገፉ ወደሱ መጡ። ሙሀመድሰይድ ወርዶ ተቀበላቸው። ወንፈሉ እንደሄደ፣ ማሽላው ቆሞ እንደቀረ አየው።

«አያ አላምረው፣ አፉ በሉኝ። ወላሂ በስህተት ነው…»

«ቆይ! ዝም በል!» አሉና ዱላቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። በሕይወቱ ዝም በል ተብሎ አያውቅም ነበር። «የኔ ቦታ ሊመጣ ነው።»

ሁለቱም አንጋጠው ሰሙ።

«እንደ ሬዲዮ ነው ያለችው?»

«አዎ፣ አያ።»

«እንደ ሬዲዮ…» አያ አላምረው ዞር ብለው ሜዳውን አዩት። አንድ ወፍ የለም። የራሳቸውም ማሳ ላይ የለም። ከኪሳቸው ሞባይላቸውን አወጡ። «ይኼ ነገር ከዚህ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው አስገባልኝ። የኔን ቦታ ቆርጠህ።»

ከዚያ በኋላ ባለማማው ሁሉ ስፒከር ለመግዛት ጀሚል ሱቅ ተሰለፈ። አያ አላምረው የራሳቸውን ስድብ አስቆርጠው የተሾመን ተዉት። ተሾመ የራሱን አስቆርጦ የአያ አላምረውን ተወው፤ እንዲያውም «እንደ ሬዲዮ» የሚለው እንዲደጋገምለት ጠየቀ። ስለዚህ በየማማው የማይሰማው የባለማማው ጉድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከጎረቤቱ ማማ ይሰማል። ሙሀመድሰይድን ግን የቆረጠው የለም። ከአስፋልቱ እስከ ተራራው ሥር ባለው ሜዳ ሁሉ፣ ከጎህ እስከ ማታ፣ የሚጠራው የሱ ስም ነበር። መጀመሪያው ቀን ላይ ለሁሉም «አቤት» ሲል ዋለ። ከዚያ ደከመውና የራሱን ስፒከር አወረደ።

ተሾመ ይህን ሲያይ ድንበር ተሻግሮ መጣ። «አንተ ሰው፣ ምን ሁነህ ነው ያጠፋኸው?»

«እናንተ ጋ ይሰማኛል፤ ይበቃኛል።»

«ሁላችን እየከፈትን አንተ ዝም? አሁንም?»

«ወንጭፍ አለኝ።»

«ወይ በማርያም!» አለ ተሾመ። «ይሄ ሰውዬ ሁላችን ብንሞት ለብቻው በሕይወት ይኖራል!»

ጀዊሪያ ይህ ሁሉ ሲሆን አልሰማችም ነበር። ቤቷ ከሜዳው ርቆ ነው፤ የሚነግራትም ደፋር አልተገኘም። አንድ ቀን ግን ጎብዬ ዘመድ ጠይቃ በባጃጅ ስትመለስ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ማሽላ ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች። «ሙሀመድሰይድ!» ይላል። ቀጥሎ ካለው ማሳ፣ «ሙሀመድሰይድ!» ባጃጁ ውስጥ ያሉት ሴቶች ማሽላውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«አውርደኝ» አለች ባለባጃጁን።

ባለማማዎቹ ማሳው ዳር ቆማ ሲያዩዋት አንድ በአንድ ወረዱ። ስፒከሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጮሃ ቢሆን ደግ ነበር፤ የፈሩትም ያንን ነው። ጀዊሪያ ግን በቀስታ ተናገረች፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባቸው።

«የተሾመን ቆርጦ የአላምረውን የተወ ማነው?»

ሁሉም ተሾመን አዩት።

«የተሾመን የተወውስ?»

አያ አላምረው ዱላቸውን መመርመር ጀመሩ።

«ባሌን የቆረጠስ የለም?»

የለም። ሙሀመድሰይድ ከኋላ ቆሞ ጢሙን ይዳብሳል።

«በሉ ሁላችሁም አጥፉት። ባታጠፉት ሌላ እቀዳለሁ። በዚህኛው ላይ ገና የማውቀውን አልተናገርኩም።»

እዚያው አጠፉት። እውነቱን ለመናገር ወፉም ሰልችቶት ነበር። ባለፉት ቀናት አንዷ ግሪሳ የተሾመ ስፒከር ላይ አርፋ ላባዋን ስታበጥር ታይታለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ጉሮሯቸው ተመለሱ፤ ሙሀመድሰይድም ወደ ዝምታው። ማሽላው ከወፉ ተርፎ ደረሰ። የወንፈሉን ነገር ያነሳ ግን አልነበረም፤ ፍርዱም አልተሻረም። ወንፈሉ ማሳ ለማሳ ሲዞር ሙሀመድሰይድ ሳይጠሩት እየሄደ አጨደ። ሂድም አላሉት፣ ናም አላሉት።

ተራው በደረሰ ማለዳ ማጭዱን ሲስል ጀዊሪያ ትልቁን ድስት ጥዳ አገኛት።

«ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«የሚመጡት።»

«ባይመጡስ?»

«አንተ ትበላዋለህ፤ ብቻህን ለማጨድ ጉልበት ያስፈልግሃል» አለችው። ፊቷን ግን ወደ ድስቱ መለሰች። እሷም እንደፈራች አወቀ።

ማሳው ላይ ብቻውን ደርሶ የመጀመሪያዎቹን አገዳዎች ሲጥል ከኋላው ኮሽታ ሰማ። አያ አላምረው ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ።

«ምን ታየናለህ?» አሉ አያ አላምረው። «ቃል ቃል ነው። ጩኸቱ ቅዳሜ ማማህ ጋ ደርሶ እንዳይቋረጥ ነበር ያልነው፤ አልተቋረጠም። በማን ጉሮሮ እንደሆነ አልተናገርንም።»

«ደግሞስ» አለ ተሾመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ መንደሩ እያየ፣ «ሌላ ብትቀዳ ምን ይውጠናል?»

ማሽላው በአንድ ቀን ታጨደ። ጀዊሪያ ያበሰለችውም ሁሉ ተበላ።

ሙሀመድሰይድ ይህን ሁሉ ለኔ ለጸሐፊዋ በጸጥታ፣ እየሳቀ ነው የተረከልኝ። የግመሉንም፣ የበሬውንም ነገር ሳይደብቅ ተናገረ። «ይቺን ብቻ አትጻፊያት» ያለኝ አንዲት ነገር ናት። በዚያ ቀን አጫጆቹ በአንድ መስመር ቆመው አያ አላምረው ዘፈን ሲያወጡ ሁሉም በአንድ አፍ ይቀበሏቸው ነበር፤ ሙሀመድሰይድም ከሁሉ እኩል አፉን ይከፍታል፣ ከሁሉ እኩል ይዘጋል። ከአፉ የሚወጣ ነገር ግን የለም። በየዓመቱ፣ በየማሳው፣ እንዲሁ ነው ያደረገው። የዚያን ቀን ማታ አያ አላምረው ላባቸውን እየጠረጉ አጠገቡ መጡና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አየህ» አሉት፣ «ስትፈልግ ግሩም ድምፅ አለህ!»